ታማኝ ደንበኛ፣ ባዶ ካዝና

ለስድስት ዓመት ያህል አንዲት ትንሽ መስኮት ስዘጋ ኖሬያለሁ። ሰብላይም ቴክስት የሚባለውን ኤዲተር፣ ማለትም ኮድና ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የነካካ ሰው ያውቃታል። ሥራ ላይ እያለሁ፣ ፋይል ሴቭ ሳደርግ፣ ድንገት ብቅ ትላለች። የያዝኩት ያልተመዘገበ የሙከራ ቅጂ መሆኑን ትነግረኛለች። ሙከራው የጊዜ ገደብ እንደሌለው፣ አዘውትሬ የምጠቀም ከሆነ ግን ፈቃድ መግዛት እንዳለብኝ ታስረዳለች። «አሁን ትገዛለህ?» ትላለች። አልገዛም እላታለሁ። ሹልክ ብላ ትሄዳለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትመጣለች።

ኮድ የምጽፈው በዚህ ኤዲተር ነው። ማስታወሻ የምይዘውም በእሱ ነው። ይህችንም ጽሑፍ የምሞነጭረው እዚያው ላይ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ፊቱ ተገትሬ እውላለሁ። «ከእሱ የተሻለ አለ» የሚለኝ ሰው ካጋጠመኝ የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ እከራከራለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ግን አምስት ሳንቲም አልከፈልኩበትም። በመጨረሻ ራሴን ታዘብኩና 99 ዶላር ከፈልኩ። ምን ተለወጠ? ከመስኮቱ ራስጌ ላይ «ያልተመዘገበ» የምትለው ቃል ጠፋች። በቃ፣ ሌላ ምንም።

ይህን የምናዘዘው ያለምክንያት አይደለም። ፕሮግራመሮች ስለ ኤዲተር ፍቅር ሲያወሩ ውለው ቢያድሩ አይሰለቻቸውም። ስለ ኤዲተር ሽያጭ ግን ብዙም አያወሩም። ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ኤዲተሩን አጥብቆ የወደደ ሰው ለሠሪው ከሁሉ የከፋ ደንበኛ ነው። አንዴ ገዝቷል፣ ወይም እንደ ድሮው እኔ ጭራሽ አልገዛም። የያዘው ይበቃዋል። አዲስ ነገር አያምረውም፤ እንዲያውም አዲስ ነገር ሲመጣበት ይቆጣል። ከካርቶን ሳጥን እስከ ወርሃዊ ክፍያ፣ አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀም ልክ እስከሚቆጥረው ሂሳብ ድረስ፣ ሶፍትዌር የተሸጠበት መንገድ ሁሉ ለአንድ ጥያቄ የተሞከረ መልስ ነው። ይህን ሰው እንዴት አድርገን ደግሞ እናስከፍለው?

(ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጣት አይረሳም

ታማኝነት ሲባል የልብ ጉዳይ ይመስላል። በኤዲተር ነገር ግን ያለው ጣት ላይ ነው።

ቪ አይን እንውሰድ። ቢል ጆይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ ሳለ በ1976 የጻፈው ኤዲተር ነው። የሚሠራበት ኤዲኤም-3ኤ የሚባል ተርሚናል ለብቻው የቀስት ቁልፍ አልነበረውም። ቀስቶቹ የተሳሉት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚባሉት የፊደል ቁልፎች ላይ ነበር። ጆይም ጠቋሚውን ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ለማንቀሳቀስ እነዚሁኑ ፊደላት ተጠቀመ። ያ ተርሚናል ዛሬ ሙዚየም ካልሆነ በቀር አይገኝም። አራቱ ፊደላት ግን አሉ። ተርሚናሉን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ያኔ ያልተወለደ ልጅ፣ ዛሬ ጽሑፍ ውስጥ ወደ ታች ለመውረድ ጄን ይጫናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለአለቃችን የላከውን ኢሜይል አይቻለሁ። ሰላምታው በሥርዓቱ ነው፣ ጉዳዩ ተብራርቷል፣ ከፊርማው በታች ግን ኮለን፣ ደብልዩ፣ ኪው የሚሉ ሦስት ምልክቶች ተደርድረዋል። በቪ አይ ቋንቋ «ሴቭ አድርገህ ውጣ» ማለት ነው። እጁ ሥራው ማለቁን ሲያውቅ ከጭንቅላቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ጻፈው። አለቃችን የሆነ ምሕጻረ ቃል መስሎት ትርጉሙን ጠየቀ።

እዚህ ደረጃ ለመድረስ ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ አንዲት ቃል ለማጥፋት አምስት ደቂቃ ይባክናል። ቀስ በቀስ እጅ ይፈታል። ያንን ወጪ የሚሸፍነው ተጠቃሚው ራሱ ነው፤ ደረሰኝ የለውም፣ የኩባንያው መዝገብ ላይም አይሰፍርም። ከፈቃዱ ዋጋ ግን በስንት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ኤዲተሩን እንደ ፍላጎታችን የምናስተካክልበትን ፋይል ጨምሩ። የእኔ ውስጥ ለምን እንደጻፍኳቸው የማላስታውሳቸው መስመሮች አሉ። አንዱን ባጠፋሁ ቁጥር ከሦስት ቀን በኋላ የሆነ ነገር ተበላሽቶ አገኘዋለሁ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት በኤዲተር ዓለም ቁርጥ ያለ የሂሳብ ስሌት ነው።

ይህን ስሌት የሳተ ኩባንያ ምን እንደሚገጥመው ያየነው ዎርድስታር በሚባለው የድሮ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው። ታሪኩን ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት።

ማይክሮፕሮ የሚባለው ኩባንያ ዎርድስታርን ያወጣው በ1978 ነው። የኮዱ ጸሐፊ ሮብ ባርናቢ ነበር። የዚያን ጊዜ ኪቦርዶች እንደየማሽኑ ስለሚለያዩ ባርናቢ በቀስት ቁልፍ ላይ አልተማመነም። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ኢ ወደ ላይ፣ ኤክስ ወደ ታች፣ ኤስ ወደ ግራ፣ ዲ ወደ ቀኝ አደረገ። አራቱ ፊደላት ኪቦርዱ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ይሠራሉ። እጅ ከቦታው ሳይነሳ ሁሉንም ያደርጋል። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዎርድስታር የገበያው ንጉሥ ነበር።

ከዚያ ኩባንያው በ1984 መጨረሻ ዎርድስታር 2000 የሚባል አዲስ ምርት ይዞ መጣ። ትዕዛዞቹ ተለውጠዋል። የፋይሉ ዓይነትም ከድሮው ጋር አይግባባም። ቀርፋፋም ነበር። ነባሩ ደንበኛ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ጣቴን እንደ አዲስ ማስተማሬ ካልቀረ፣ የግድ ከእናንተ ጋር የምማረው ለምንድን ነው? መልስ አልነበራቸውም። ብዙው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ተፎካካሪው ዎርድፐርፌክት ሄደ።

በጣም የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከማይክሮፕሮ የወጡ ሠራተኞች ኒውስታር የሚባል ትንሽ ኩባንያ መሥርተው ነበር። እነሱ ያደረጉት ነገር የድሮውን ዎርድስታር ቁልፎች እንዳሉ ይዞ፣ ያላለቀውን አስተካክሎ፣ ኒውዎርድ ብሎ መሸጥ ነው። ማይክሮፕሮ በመጨረሻ ይህን ኩባንያ ገዛው። በ1987 የወጣው ዎርድስታር 4 የተሠራው ከኒውዎርድ ኮድ ነው። ኩባንያው የራሱን ደንበኞች ጣት ከሌላ ሰው መልሶ ገዛ ማለት ነው።

አንድ በዓለም የታወቀ የልብ ወለድ ደራሲ በ2014 ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ መጻሕፍቱን የሚጽፈው በዚሁ በዎርድስታር 4 እንደሆነ ሲናገር ታዳሚው ሳቀ። ኢንተርኔት በሌለው የዶስ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚጽፈው። ሰውየው የሚያስቅ ነገር አልታየውም። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ሁሉ ያደርግለታል፣ የማይፈልገውን አያደርግበትም።

ኩባንያው ዛሬ የለም። የአልማዙ ቁልፎች ግን ቱርቦ ፓስካል በሚባለው የድሮ ፕሮግራም መጻፊያ በኩል አልፈው፣ ጆ በሚባለው የሊነክስ ኤዲተር ውስጥ አሁንም በሕይወት አሉ። የቪ አይ ቁልፎችም እንደዚያው ናቸው። በማይክሮሶፍቱ ኤዲተር በቪኤስ ኮድ ውስጥ በኤክስቴንሽን፣ ማለትም በተጨማሪ ቅጥያ፣ ይገኛሉ፣ ሰብላይም ውስጥ አሉ፣ ጄትብሬይንስ የሚባለው ኩባንያ በሚሠራቸው የፕሮግራመር መሣሪያዎች ውስጥ አሉ። የቪ አይ ባላንጣ የሆነው ኢማክስ ውስጥ ሳይቀር «ኢቪል» በሚል ስም ገብተዋል። እርኩስ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልድ አዋቂ መሆን አለበት። እንግዲህ «የኤዲተር ታማኝነት» የምንለው ነገር ለሻጩ የታሰረ አይደለም። ለቁልፎቹ ነው። ቁልፎቹን ደግሞ ማንም ሊቀዳቸው ይችላል።

የማያረጅ ዕቃ መሸጥ

ጫማ ያልቃል። መኪና ይበላሻል። ኤዲተር ግን አያረጅም። ከሥሩ ያለው ኮምፒዩተር ካልተለወጠበት በቀር የዛሬ ሃያ ዓመት ያደርግ የነበረውን ዛሬም ያደርጋል። ይህ ለገዢ ጸጋ ነው። ለሻጭ መከራ ነው።

1976 በዚህ ረገድ አስገራሚ ዓመት ነው። ቪ አይ የተጻፈው ያኔ ነው። ኢማክስም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቅርጽ የያዘው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ላይ ደግሞ የሃያ ዓመቱ ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር አማተሮች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አልቴር ከሚባለው ኮምፒዩተር ባለቤቶች ውስጥ ቤዚክ የተሰኘውን ሶፍትዌሩን የገዙት ከ10 በመቶ በታች ናቸው አለ። የደከሙበት ጊዜ በሮያሊቲው ሲተመን በሰዓት 2 ዶላር አይሞላም ብሎም አማረረ። አብዛኞቻችሁ ሶፍትዌር ትሰርቃላችሁ ነው መልእክቱ። ያን ጊዜ የኢማክስ ሰዎች በተቃራኒው መንገድ እየሄዱ ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን ፕሮግራሙን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ በምትኩ የሚፈልገው ማሻሻያ የሠራ ሰው ማሻሻያውን መልሶ እንዲያካፍል ብቻ ነው።

ይህ የመተማመን ኑሮ ብዙ አልቆየም። ጄምስ ጎስሊንግ፣ በኋላ ጃቫን የፈጠረው ሰው፣ በ1981 ለዩኒክስ የሚሆን የራሱን ኢማክስ ጻፈ። ኋላ ላይ ዩኒፕሬስ ለሚባል ኩባንያ ሸጠው። ስቶልማን የጎስሊንግን ኮድ በከፊል ተጠቅሞ ስለነበር ኩባንያው ማሰራጨቱን እንዲያቆም ጠየቀው። ስቶልማን ተናደደ፣ ቁጭ ብሎ ያንን ክፍል እንደ አዲስ ጻፈው። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው እንቅስቃሴ ከዚህ ዓይነቱ ቁጣ ብዙ ጉልበት አግኝቷል። በ1985 ስቶልማን ጂኤንዩ ኢማክስ የሚባለውን የራሱን ኢማክስ በቴፕ ላይ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ነጻ ሆኖ 150 ዶላር? ቃሉ በአማርኛም ያደናግራል። ያለ ክፍያ ነው ወይስ ነጻነት ያለው? ስቶልማን የሚለው ሁለተኛውን ነው። ገንዘቡ ለመቅጃና ለመላኪያ፣ ለእሱም መተዳደሪያ ነበር። ኮዱን ግን ገዢው እንዳሻው ይለውጠዋል፣ ለወደደው ይሰጠዋል።

ከዚያ ዘመን ግን ለእኔ ብልጡ ሰው ቦብ ዋላስ ነው። ከማይክሮሶፍት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ነበር። በ1983 ለቅቆ ወጣና ፒሲ-ራይት የሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም አወጣ። ዲስኩ 10 ዶላር ነው። ገልብጣችሁ ለፈለጋችሁት ስጡ ይላል። የወደደው ሰው 75 ዶላር ከፍሎ ይመዘገባል፣ መመሪያ መጽሐፍና ድጋፍ ያገኛል። እያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ቅጂ ይደርሰዋል። እሱ ለጓደኛው የገለበጠለት ቅጂ ሲመዘገብ ዋላስ በቁጥሩ ማን እንዳዳረሰው ያውቃል። ለዚያ ሰው 25 ዶላር ይልክለታል። ሦስት ጓደኛ ካስመዘገበ የራሱን ክፍያ መለሰ ማለት ነው። ጌትስ ሌባ ያለውን ሰው ዋላስ ደላላ አደረገው! የኤዲተር ወዳጅ አፉ አያርፍም፤ ዋላስ ያንን አፍ ገንዘብ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የታወቀ ነው። ሶፍትዌር በሳጥን ይሸጣል፣ በሁለት በሦስት ዓመቱ አዲስ እትም ይወጣል፣ ነባር ደንበኛ በቅናሽ ያሻሽላል። ያላማረው በድሮው ይቀጥላል። ለኤዲተር ሠሪ ይህ ማለት የሚሸጠው ነገር ቀጣዩ እትም ብቻ ነው ማለት ነው። ያንን አስቀድሞ በነጻ ከሰጠ ምን ይቀረዋል?

ቴክስትሜት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። አለን ኦድጋርድ የሚባል ፕሮግራመር በ2004 ለማክ ያወጣው ኤዲተር ነው። በ2006 የአፕልን የዲዛይን ሽልማት አገኘ። በዚያ ዘመን የድረ ገጽ ሥራ የሚሠራ ሰው ማክ ከያዘ ቴክስትሜት አለው። ኦድጋርድ ግን ቃል ገባ፤ የመጀመሪያውን እትም የገዛ ሁሉ ሁለተኛውን በነጻ ያገኛል አለ። ጨዋ ቃል ነበር። የነጋዴ ቃል ግን አልነበረም። ሁለተኛው እትም ዘገየ፣ ደግሞ ዘገየ። የመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ የታየው በ2011 መጨረሻ ነው። በ2012 ኮዱን ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት፣ አደረገው። የተጠናቀቀው 2.0 የወጣው በ2019 ነው። እስከዚያ ድረስ የቀድሞ ታማኞቹ ሰብላይም ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ኦድጋርድን የሚወቅሱ አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ለወደዱት ሰዎች ያለውን ሁሉ አስቀድሞ ሰጣቸው፣ ከዚያ በኋላ በምን አቅም ይሥራ?

ቢቢኤዲት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከ1992 ጀምሮ ማክ ላይ አለ። መፈክሩ በእኛ ቋንቋ ቢመለስ «አይደብርም» እንደማለት ነው። ሠሪዎቹ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ለአዲስ እትም ያስከፍላሉ፣ ለነባር ደንበኛ ይቀንሳሉ፣ ኖረዋል። የፈተናቸው አፕል ነው። በ2011 የተከፈተው የማክ አፕ ስቶር፣ የአፕል የፕሮግራም ሱቅ፣ ያኔ ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስድ ነበር። ለነባር ደንበኛ በቅናሽ የሚሸጥበት መንገድም አልነበረውም። ሻጩ ወይ አዲሱን እትም በነጻ ይሰጣል፣ ወይ ነባሩንና አዲሱን ሰው እኩል ያስከፍላል። ቢቢኤዲት በ2014 ጥሎ ወጣ። በ2019 ሲመለስ እዚያ ውስጥ የሚሸጠው በዓመት 39.99 ወይም በወር 3.99 ዶላር በሚከፈል ኪራይ ሆነ። በራሱ ድረ ገጽ ግን ያኔ 49.99 ዶላር አንዴ ከፍሎ መያዝ ይቻል ነበር። ያው ፕሮግራም ነው። የሱቁ ደንብ ሲለያይ አንዱ ግዢ፣ ሌላው ኪራይ ሆነ።

ስለ ኪራይ ብዙ ተብሏል። የፎቶሾፕ ሠሪ አዶቤ በ2013 ከእንግዲህ ሳጥን የለም ብሎ መንገዱን ጠረገ። ሌሎች ተከተሉ። ለእኔ ቁም ነገሩ በወር መከፈሉ አይደለም። መክፈል ያቆምኩ ቀን እጄ ላይ ምን ይቀራል የሚለው ነው። በ2015 ጄትብሬይንስ ወደ ኪራይ እዞራለሁ ሲል ደንበኞቹ እሳት ጎርሰው ተነሡ። ብዙ ሳይቆይ ኩባንያው እቅዱን አሻሻለ። አሥራ ሁለት ወር ሳያቋርጥ የከፈለ ሰው፣ ቢያቆምም፣ ዓመቱ ሲጀምር የነበረውን እትም ለዘለዓለም ይዞ ይቀጥላል። ሰብላይም ደግሞ ለግል ፈቃድ የሦስት ዓመት ማሻሻያ ይሰጣል፤ በእነዚያ ዓመታት የወጣው ሁሉ የገዢው ነው። ሁለቱም ዘዴዎች ጣትን ያከብራሉ። ለሻጩም ቀጣዩን እትም የሚያወጣበት ምክንያት ይተውለታል።

ነጻ የሆነው ነገር

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። ቪኤስ ኮድ በ2015 ይፋ ሆነ። በነጻ። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ በየዓመቱ በሚያደርገው የፕሮግራመሮች መጠይቅ ላይ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑ መላሾች እጠቀመዋለሁ ይላሉ። 99 ዶላር የሚጠይቅ ሰው ከዜሮ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

ነጻ ስጦታ በኤዲተር ዓለም አዲስ አይደለም። ብራም ሞለናር ቪምን፣ የተሻሻለውን የቪ አይ ዓይነት፣ በ1991 አውጥቶ በ2023 እስኪሞት ድረስ ሠላሳ ዓመት ከምናምን በነጻ ሰጥቷል። ቪምን ያለ ፋይል ሲከፍቱት መግቢያው ላይ በኡጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እርዱ የሚል መስመር ይታያል። ልገሳው ኪባሌ የሚባል ቦታ ያሉ ልጆችን ለማስተማር ይውላል። ለራሱ ክፍያ መጠየቅ ሲችል ለልጆቹ ጠየቀ። ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ተናግሯል፣ የሚፈልገውም ያንኑ ነበር።

ማይክሮሶፍት የሚፈልገው ምንድን ነው? ክፋት አለበት እያልኩ አይደለም። ኤዲተሩ ጥሩ ነው። ግን ኩባንያው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። አዙር የሚባለውን የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል፣ ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማከማቻ አለው፣ በወር የሚከፈልበት ኮፓይለት የሚባል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት አለው። ኤዲተሩ ወደነዚህ የሚያስገባ በር ነው። የበሩም ነጻነት ልክ አለው። ኮዱ ኦፕን ሶርስ ነው፤ አውርደን የምንጭነው ፕሮግራም ግን የሚተዳደረው በራሱ በማይክሮሶፍት ፈቃድ ነው። የኤክስቴንሽኖቹ መደብር የሚፈቅደው ለማይክሮሶፍት ምርቶች ብቻ ነው። ከታወቁት ኤክስቴንሽኖች አንዳንዶቹም ዝግ ናቸው። ከዚያው ኮድ ሌላ ኤዲተር ያወጡ ሰዎች ይህን በ2025 በደንብ አዩት፤ የማይክሮሶፍት የሲ ፕላስ ፕላስ ኤክስቴንሽን በእነሱ ኤዲተሮች ላይ አልሠራም አለ። ደንቡ ድሮም ተጽፎ ነበር። የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

«የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። የአተም ነገር ይህን ተረት ያስታውሰኛል። ጊትሃብ በ2014 ያወጣው ነጻ ኤዲተር ነበር። ለእሱ ሲባል የተሠራው ኤሌክትሮን የሚባል መሠረት ለብዙ ፕሮግራሞች ዋልታ ሆነ። ቪኤስ ኮድ ራሱ የቆመው በዚያ ላይ ነው። በ2018 ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሁለት ነጻ ኤዲተር በአንድ ቤት ምን ያደርጋል? ታኅሣሥ 15 ቀን 2022 አተም ተዘጋ። ደንበኛ የሚባል ሰው ስላልነበረ የሚቆጣም ደንበኛ አልነበረም። የዎርድስታር ሰዎች ቢያንስ ገንዘባቸውን ይዘው ሄደው ኩባንያውን ቀጥተውታል። የአተም ሰዎች በምን ይቅጡ? ኮዱ ክፍት ስለነበር ፐልሳር ብለው ያስቀጠሉት አሉ። ከአተም ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ናታን ሶቦ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ዜድ የሚባል አዲስ ኤዲተር ጀመረ።

አሁን የተጨመረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እዚህ ላይ ለሻጮቹ ጠበቃ ልቁም። አንድ ሰው ኤዲተሩን «ይህን ኮድ አስተካክልልኝ» ባለው ቁጥር የሆነ ቦታ ውድ ኮምፒዩተር ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ይቆጥራል። ይህ እንደ ጽሑፍ ማረሚያው አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በወር ክፈሉ ማለት በኤዲተር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት አገኘ።

ችግሩ ታማኝነቱ ላይ ነው። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ከቪኤስ ኮድ ቅጂ ነው። ከርሰር አንዱ ነው። ዘዴው ብልህ ነበር፤ ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ ማስተካከያችሁን ሳታጡ፣ ወደ እኛ ግቡ። ሰዉም ገባ። ነገር ግን ያለ ድካም የገባ ሰው ያለ ድካም ይወጣል። በ2025 አጋማሽ ከርሰር በ20 ዶላሩ የወር ክፍያ ውስጥ ያለውን አቆጣጠር ሲለውጥ ተጠቃሚዎች ያልጠበቁት ሂሳብ መጣባቸው። ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘብም መለሰ። ያን ሰሞን «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቦታው ነበር። መልሱ ላይ «እጄ ለምዶታል» የሚል ሰው አላየሁም። ሁሉም ስለ ሂሳብ ነበር የሚያወራው። እነዚህ ኤዲተሮች ወርሃዊ ክፍያ አግኝተዋል፣ ጣት ግን የላቸውም።

እኔን ቢጠይቁኝ ሁለቱን ደረሰኞች መለየት ይሻላል። ኤዲተሩን አንዴ ልግዛ። የአስተውሎቱን ሂሳብ በተጠቀምኩት ልክ ለብቻው ልክፈል። ነገ ሞዴሉን ብለውጥ ቁልፎቼ ከእኔ ጋር ይቆያሉ። ወደዚህ የሚያዘነብሉ አሉ፤ ዜድ ኤዲተሩን በነጻ ሰጥቶ የሚያስከፍለው ለአስተውሎቱ ነው፣ ከአስተውሎቱ ሻጭ በቀጥታ የወሰደው የራሱ መግቢያ ኮድ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው መጠቀም ይችላል። ግን ኩባንያው የሚኖረው ከዚህ በሚያገኘው ከሆነ፣ ኤዲተሩን የሚሠራው ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚያስበው ስለ ኤዲተሩ ነው ወይስ ስለ ሂሳቡ? ይህ ያሳስበኛል።

የእኔ 99 ዶላር የተከፈለው በ2021 ነው፤ አራተኛው የሰብላይም እትም በወጣበት ዓመት። ሦስቱ የማሻሻያ ዓመታት ካለፉ ቆዩ። ኤዲተሩ እንደ ቀድሞው ይከፈታል፣ ያ ቃልም ራስጌው ላይ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ለማግኘት ግን እንደገና መክፈል አለብኝ። አንድ ማታ የአዲሱን እትም ዝርዝር ከፍቼ አነበብኩ። ጥሩ ጥሩ ነገር ጨምረዋል። አንዱም አያስፈልገኝም። ካርዴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ትንሽ አየሁት። ከዚያ ወደ ፋይሌ ተመለስኩና ሴቭ አደረግኩ። ምንም ብቅ አላለም።